የካራቫን መኪና ተከራይቶ በባሕር ዳር ቀስ ብሎ መጓዝ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

«ካራቫን» የሚለው ቃል በእኛ ቤት ሁለት ትርጉም አለው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ ወላጆች ቃሉን ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ከአኮ ከተማ አጠገብ እንደነበረው እንደ ሓጽሮት ያሳፍ ያለ የካራቫን ሰፈር ነው። በበጋ እንደ ምጣድ የሚግል፣ በክረምት የሚያንቀጠቅጥ፣ «ለጊዜው ነው» ተብሎ ዓመታት የተኖረበት ቤት ነው። እዚህ አገር ለተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ካራቫን ማለት አልጋና ወጥ ቤት ያለው፣ እየነዱ ሄደው ከባሕር ዳር የሚያቆሙት መኪና ነው። ስለዚህ ልጆች «ዘንድሮ በካራቫን እንሂድ» ሲሉ እናት «ከካራቫን ለመውጣት ስንት ዓመት ፈጀብን፤ አሁን ከፍለን ልንገባ ነው ወይ?» ብትል አይፈረድባትም።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ካራቫን ነው። ማስታወቂያው በልጆቻችን ስልክ ላይ በየጊዜው ይታያል። ሥዕሉ ያምራል፣ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፣ ውሉም በደቃቅ የዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ነው። ቢሆንም አያትና የልጅ ልጅ ጥቂት ቀን አብረው ለመዋል ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ቀስ ተብሎ ከተሄደና አስቀድሞ ከታሰበበት። ሐሳባችን አጭር ነው፦ በዚህ ጉዞ ውስጥ ውዱ ነገር መኪናው ሳይሆን ቀኑ ነው። ቀኑ ደግሞ ለሚሠራ ሰው ሁሉ በሕግ የተሰጠ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ቀናችሁን ያዙ፣ ቀጥሎ ሂሳቡን ሥሩ፣ መጨረሻ ላይ ፈርሙ።

መጀመሪያ ቀናችሁን ያዙ

በጽዳት፣ በፋብሪካ፣ በጥበቃና በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ወላጆች ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ ዕረፍት የሚሉት የበዓሉን ቀን ብቻ ነው። «እኔ በሰዓት ነው የምከፈለው፣ ሑፍሻ የለኝም» የሚል ሰውም አይጠፋም። ይህ ትክክል አይደለም። የ1951 የዓመት ዕረፍት ሕግ በወር ለሚከፈለውም በሰዓት ለሚከፈለውም፣ በቀጥታ ለተቀጠረውም በሥራ ተቋራጭ በኩል ለሚሠራውም ሠራተኛ በደመወዝ የሚከፈል ዕረፍት ይሰጣል።

በአንድ የሥራ ቦታ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ሕጉ የሚሰጠው ዝቅተኛው ዕረፍት ሰንበትን ጨምሮ 16 ቀን ነው። በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ሙሉ ዓመት ለሠራ ሰው ይህ 12 የሥራ ቀን ይሆናል፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ደግሞ 14 ቀን። በስድስተኛው ዓመት 18፣ በሰባተኛው 21 ቀን ይሆናል፤ ከዚያም በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን እየተጨመረ እስከ 28 ቀን ይደርሳል። ይህ ሰንበትን የሚጨምር ቁጥር መሆኑን አትርሱ።

ለጉዟችን ደግሞ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፦ ሕጉ ከዓመቱ ዕረፍት ቢያንስ 7 ቀን በተከታታይ እንዲሰጥ ያዛል። ዛሬ አንድ ቀን፣ ከወር በኋላ ግማሽ ቀን እየተቆራረጠ ብቻ እንዲያልቅ አይደለም የታሰበው። በሳምንት 5 ቀን የምትሠሩ ከሆነ ከእሑድ እስከ ሐሙስ 5 የዕረፍት ቀን ብቻ ስትወስዱ፣ በፊትና በኋላ ካሉት ዓርብና ቅዳሜ ጋር 9 ቀን ይሆንላችኋል።

የቀራችሁን ቀን ለማወቅ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ትሉሹን፣ ተመልከቱ። አሠሪው የተጠቀማችሁበትንና የቀራችሁን የዕረፍት ቀን እዚያ ላይ የመጻፍ ግዴታ አለበት። «ይትራት ሑፍሻ» የሚለውን መስመር ልጆቻችሁ ያሳዩአችሁ። በሥራ ላይ እያላችሁ «ዕረፍቱን ተወውና በገንዘብ እሰጥሃለሁ» የሚል አሠሪ ካለ፣ ሕጉ ይህን አይፈቅድም። ያልተወሰደ ዕረፍት በገንዘብ የሚተካው ሥራ ሲቋረጥ ብቻ ነው። የታመማችሁበት ቀንም ከዓመት ዕረፍታችሁ ላይ ሊቀነስ አይገባም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ መብት አለ፤ «ድሜይ ሃቭራአ» ይባላል፣ ለማገገሚያ የሚሰጥ ክፍያ ማለት ነው። አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ይገባዋል። በግል ድርጅቶች ለመጀመሪያው ዓመት የ5 ቀን፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት የ6 ቀን፣ ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ የ7 ቀን ክፍያ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላም ይጨምራል። ብዙ ጊዜ በበጋ ወራት ከደመወዝ ጋር ይገባል። ስሙ እንደሚለው ሰው ከድካሙ እንዲያገግምበት የተሰጠ ገንዘብ ነው። በቤታችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ዕዳ ይበላዋል።

ቀስ ማለት ለምን ይጠቅማል?

ከአሽቀሎን እስከ አኽዚቭ ድረስ ያለው የባሕር ዳር መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቸኮለ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ከቀትር በፊት ይጨርሰዋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ግን በአንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ያድራል፣ ጠዋት ባሕር ዳር ቡናውን ይጠጣል፣ ከሰዓት በኋላ አረፍ ይላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከመኪና እየወጡ እየገቡ አይንገላቱም። ልብስ በየቀኑ አይታሰርም፣ አይፈታም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በተራራ አገር ያደጉ ናቸው፤ ባሕር ሲባል የሚያውቁት ጣናን ነበር፣ እሱንም ቢሆን ያላዩት ብዙ ናቸው። ሌሎቹ የጨው ባሕርን መጀመሪያ ያዩት በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ በጨለማ ነው። በትናንሽ ጀልባ ተጭነው ራቅ ብሎ ወደሚጠብቃቸው የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ተወስደዋል። የልጅ ልጆች ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ወይም በፊልም ሰምተውት ይሆናል። ከአያታቸው አፍ ለመስማት ግን ጊዜ ያስፈልጋል። አያት በአማርኛ ጀምረው፣ እናት መሐል ገብታ በዕብራይስጥ አስረድታ፣ ልጁ ጠይቆ፣ እንደገና ተጀምሮ ነው እንዲህ ያለ ወሬ የሚወራው። ሁሉም ሰው ወደ ስልኩና ወደ ሥራው በሚሮጥበት ቤት ይህ ጊዜ አይገኝም። ወንበር አውጥተው ፀሐይ ስትጠልቅ በሚያዩበት ቦታ ግን ይገኛል።

ሂሳቡን በወረቀት ሥሩ

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው የአንድ ቀን ኪራይ ብቻ ነው። የጉዞው ዋጋ ግን ብዙ ነገሮች ተደምረው የሚወጣ ነው። እነሆ አንድ ምሳሌ፤ ለስሌት ያህል ያወጣነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

ኪራዩ በሌሊት 900 ሼቄል ነው እንበል፤ ለ5 ሌሊት 4,500 ይሆናል። ለጽዳት፣ ለጋዝና ለአልጋ ልብስ 400 ተጠየቃችሁ። ለማደሪያ ቦታ በሌሊት 250 ቢሆን ለ5 ሌሊት 1,250 ነው። እንዲህ ያለ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 13 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ ደርሶ መልስ 450 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ከ45 እስከ 60 ሊትር ገደማ ነው፤ ለዚህ 450 ሼቄል እንያዝ። ድምሩ 6,600 ሼቄል ደረሰ፤ ምግብ ገና አልተቆጠረም። ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ግን «900» የሚለውን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ የምትጠይቁት «በቀን ስንት ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «መኪናውን ወስጄ እስክመልስ ድረስ በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ይሁን። በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ለሸማች የሚነገረው ዋጋ ማዓምን ጨምሮ ሙሉ ዋጋ መሆን አለበት። «ይህ ከማዓም በፊት ነው» ቢሏችሁ ሙሉውን እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ይላኩላችሁ፤ በዋትሳፕ ቢሆንም ይበቃል።

ኪሎ ሜትርንም ጠይቁ። አንዳንድ አከራይ በቀን የተወሰነ ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ከዚያ ካለፈ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ያስከፍላል። ለሚቸኩል ሰው ይህ ወጥመድ ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግን ጥቅም ሊሆን ይችላል። ገደብ የሌለው ውል ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ፣ እናንተ በአማካይ በቀን 90 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄዱ ስለሆነ ገደብ ያለው ርካሹ ይበቃችኋል።

ጊዜንም ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት፣ በፋሲካና በሱኮት ሳምንት ዋጋው ይወደዳል፣ ማደሪያውም ይሞላል። የልጆች ትምህርት ካላሰራችሁ ከሻቩዖት ወዲህ ያሉት ሳምንታትና ከሱኮት ማግሥት ያሉት ቀናት ለሽማግሌም ለኪስም ይሻላሉ።

ውሉን ስታነቡ

የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሁለት ነገር ይላል፤ ለእኛ ወላጆች ሁለቱም ትልቅ ዋጋ አላቸው። አንደኛ፣ ነጋዴ ሸማቹ ውሉ የተጻፈበትን ቋንቋ አለማወቁን መጠቀሚያ እንዳያደርግ ይከለክላል። ሁለተኛ፣ ከመፈረም በፊት ውሉን ለማንበብ በቂ ዕድል እንዲሰጣችሁ፣ ከፈረማችሁም በኋላ ግልባጩ እንዲሰጣችሁ ያዛል። ስለዚህ «ወረፋ አለ፣ እዚህ ላይ ብቻ ፈርሙ» ቢሏችሁ አትፈሩ። ውሉን አንድ ቀን ቀደም ብለው በኢሜል እንዲልኩላችሁ ጠይቁና ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ያንብቡላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቸኩሎ የፈረመ ቆይቶ ይለቅማል።

በውሉ ውስጥ እነዚህን ፈልጉ፦

ፒቃዶን፦ ከክሬዲት ካርዳችሁ ላይ የሚያዝ መያዣ ነው። ገንዘቡ ወዲያው ባይወሰድም የካርዱን ጣሪያ ይይዛል፤ በዚያው ሳምንት ሱቅ ገብታችሁ ካርዱ «አይሠራም» ሊል ይችላል። መጠኑን፣ የሚለቀቅበትንም ቀን ጠይቁ።

ሂሽታትፉት ዓጽሚት፦ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንሱ በፊት ከራሳችሁ ኪስ የምትከፍሉት ነው። ለካራቫን መኪና ይህ ቁጥር በሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ጎማ፣ መስተዋት፣ ጣሪያና የመኪናው ታችኛው ክፍል በኢንሹራንሱ ውስጥ መግባት አለመግባታቸውን ለይታችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው።

ነጂው፦ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ድረስ የሚመዝን መኪና በተለመደው የቢ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፈቃዱ አይበቃም። አከራዩ በራሱ የዕድሜና የልምድ ገደብ ሊያወጣ ይችላል። የሚነዱት ሁሉ ስማቸው በውሉ ላይ ይጻፍ። ስሙ ያልተጻፈ ልጅ ለአንድ ሰዓት «ላግዝህ» ብሎ ቢነዳና አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል።

ክቪሽ ሼሽና የካርሜል ዋሻዎች፦ ሁለቱም በክፍያ የሚታለፉ መንገዶች ናቸው። ሂሳቡ ለአከራዩ ይደርስና «የአገልግሎት» እየተባለ ተጨምሮበት ወደ እናንተ ይመጣል። የትራፊክ ቅጣትም እንዲሁ ነው። የባሕር ዳሩ መንገድ ቁጥር 2 ግን ክፍያ የለውም።

መሰረዝ፦ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለተደረገ የዕረፍትና የጉዞ ስምምነት፣ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከጉዞው ቀን በፊትም የዕረፍት ቀን ያልሆኑ ቢያንስ 7 ቀናት ሲቀሩ መሰረዝ ይቻላል። የሚቀነሰው የስረዛ ክፍያም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ዕድሜው 65 የሞላው ሰው፣ ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢና አካል ጉዳተኛ፣ ከሻጩ ጋር በቃል ወይም በመልእክት ተነጋግረው የተስማሙ ከሆነ፣ የ14 ቀኑ ጊዜ ወደ 4 ወር ይረዝምላቸዋል። ለዚህ ሲባል የተስማማችሁበትን ቀን ጻፉ፣ መልእክቱንም አታጥፉ።

ከግለሰብ ስትከራዩም ተጠንቀቁ። ጎረቤት ወይም በፌስቡክ የተገኘ ሰው «መኪናዬን በርካሽ ልስጥህ» ቢል፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱ መኪናው ለኪራይ እንደሚሰጥ ይጠቅስ እንደሆነ እዩ። ለግል አገልግሎት ብቻ ኢንሹራንስ የተገባለት መኪና በኪራይ ላይ እያለ ቢጋጭ ርካሹ ውድ ይሆናል።

መኪናውን ስትረከቡ

አንድ ልጅ በስልኩ ቪዲዮ ያንሳ፤ በአራቱም ጎን፣ ጣሪያውን፣ ጎማዎቹን፣ ውስጡን፣ የነዳጁንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር። ጭረት ካለ በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ። «ይህ ምንም አይደለም» የሚለው ቃል መኪናውን ስትመልሱ አያድናችሁም። ስትመልሱም እንደዚሁ ቪዲዮ አንሡ።

የመኪናውን ከፍታ ጠይቃችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከመሪው አጠገብ ለጥፉ። አብዛኛው ካራቫን መኪና ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። የገበያ ማዕከላት የምድር ቤት ማቆሚያ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ጣሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ንጹሕ ውኃ የሚሞላበትን፣ የእጅና የዕቃ ማጠቢያው ቆሻሻ ውኃ የሚፈስበትን፣ የሽንት ቤቱ ዕቃ የሚደፋበትን አሳዩን በሉ። ሽንት ቤቱን ባሕር ዳር ላይ ወይም በመንገድ ጉድጓድ መድፋት ነውርም ቅጣትም አለው፤ ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ ብቻ ይደፋል። የጋዙን መዝጊያና የእሳት ማጥፊያውንም ተመልከቱ።

ከሁሉ በላይ የመቀመጫ ቀበቶዎቹን ቁጠሩ። «ለስድስት ሰው» የሚባለው መኪና ስድስት አልጋ ኖሮት አራት ቀበቶ ብቻ ሊኖረው ይችላል። መኪናው ሲሄድ ማንም ሰው አልጋ ላይ መተኛት አይችልም፤ አያትም ሕፃንም በየራሱ ወንበር፣ በየራሱ ቀበቶ ነው። ሕፃናትም በዕድሜያቸው የሚገባቸው መቀመጫ ይኑራቸው።

ለአያቶች ምቾት

የካራቫን መኪና መግቢያ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ ሽንት ቤቱም ጠባብ ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ሄዳችሁ መኪናውን እዩት፤ ይውጡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። የላይኛው አልጋ ለልጆች ነው፤ ለአያቶች የታችኛው ቋሚ አልጋ ይሁን። ይህ ካልተመቸ አያቶች ማደሪያው ቦታ ላይ በሚከራይ ክፍል፣ ልጆች በመኪናው ቢያድሩ ምንም ነውር የለበትም። ቀኑን አብሮ መዋል ነው ዋናው ነገር።

የመኪናው ድስትና ሳህን ማን ምን እንደሠራበት አይታወቅም። ካሽሩት ለሚጠብቅ ቤት የራሱን ዕቃ ይዞ መሄድ ይሻላል። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ያዙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የመኪናው ባትሪ አይችለውም፤ የማደሪያውንም መስመር ሊያጠፋው ይችላል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ በመኪናው ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። በር ከፍታችሁም ቢሆን፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን አታድርጉት። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ጀበናው ውጭ ይፍላ፤ እሳት በተፈቀደበት ቦታ። ባሕር ዳር ላይ የሚጠጣ ቡና ደግሞ ቤት ውስጥ ከሚጠጣው አያንስም።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለሁለት ቀን ትርፍ ይያዙ። ኢንሱሊን ያለው ሰው የመኪናው ማቀዝቀዣ ቆሞም እየሄደም እንደሚሠራ ያረጋግጥ። የድንገተኛ ሕክምና ቁጥር፣ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ 101 ነው።

ለሰንበት ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ዓርብ ጠዋት መኪናውን መልሶ ቤት መግባት ነው። ሌላው ዓርብ በጊዜ አንድ ማደሪያ ደርሶ እስከ ቅዳሜ ማታ ሳይንቀሳቀሱ መዋል ነው። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ክፍያውን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ውኃውን ሙሉ፤ መብራቱና ማቀዝቀዣውም ሳይነኩት የሚቆይ መሆኑን ጠይቁ።

መንገዱ፦ ከእሑድ እስከ ዓርብ

ለምሳሌ ያህል አንድ መንገድ እናሳያችሁ። ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ባሕሩ በግራችሁ ነው።

እሑድና ሰኞ አሽቀሎን እደሩ። የአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ በባሕሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ማደሪያ ቦታም አለው። እዚያ ከጭቃ ጡብ የተሠራው የከነዓናውያን በር ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1850 ዓመት ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ቅስት ያላቸው በሮች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በጭቃ ቤት የሠሩ አባቶች ይህን ጡብ ሲያዩ ለልጆቹ የሚነግሩት አያጡም።

ማክሰኞ ረጅሙ ቀን ነው፤ ወደ 130 ኪሎ ሜትር። የቴል አቪቭን መጨናነቅ ለማለፍ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ተነሡ። ምሳ ነታንያ ላይ ይሁን። ከተማው በገደል ላይ ነው፤ ወደ ሲሮኒት ባሕር ዳር የሚያወርድ ሊፍት ስላለ ደረጃ መውረድ የማይችሉ አያቶችም አሸዋው ድረስ ይደርሳሉ። ከዚያ ቄሳርያን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ንጉሥ ሄሮድስ ያሠራት ከተማ ናት፤ የጥንቱ የውኃ መስመር በትልልቅ ቅስቶች ላይ ተሠርቶ በባሕሩ ዳር ቆሞ ይታያል። ማታ ዶር-ሃቦኒም አካባቢ አድራችሁ ረቡዕን እዚያው ዋሉ። ረቡዕ መኪና የማይነሣበት ቀን ይሁን።

ሐሙስ በዓትሊት በኩል እለፉ። እንግሊዞች ከ1939 እስከ 1948 ያለ ፈቃድ የገቡ አይሁድን ያጎሩበት ካምፕ ዛሬ ሙዚየም ነው። አጥሩን፣ የእንጨት ቤቱን፣ ሰው እየታጠበ የሚገባበትን ክፍል ያየ ሽማግሌ ለመረዳት ብዙ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከዚያ አኮ፤ የአሮጌው ከተማ ግንብ በባሕሩ ላይ ነው፣ ከ2001 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሓጽሮት ያሳፍ የነበረውም እዚሁ አጠገብ ነው። እዚያ የኖሩ ወላጆች መንገዱን አልፈው እንዲያዩት ከፈለጉ ጊዜ ስጧቸው፤ ልጆች የቃሉን የመጀመሪያ ትርጉም የሚሰሙት እዚያ ነው። ማታ በአኽዚቭ ፓርክ ማደር ይቻላል። ዓርብ በጠዋት ወደ ቤት ተመለሱ።

ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። የፓርኮቹን ማደሪያ፣ «ሓንዮን ላይላ» የሚባለውን፣ የሚያስተዳድረው ራሹት ሃቴቫ ቬሃጋኒም ነው። ስትደውሉ ካራቫን መኪና ይገባ እንደሆነ፣ ኤሌክትሪክ እንዳለ ጠይቁ፤ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። የአረጋዊ መታወቂያ፣ ቴውዳት ኤዝራሕ ቫቲቅ፣ ያለው ሰው በብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ላይ 50 በመቶ ቅናሽ አለው፤ መታወቂያውን አትርሱ። ወደ ሰሜኑና ወደ ደቡቡ ጫፍ ከመሄዳችሁ በፊት የፒቁድ ሃዖሬፍን መመሪያ ተመልከቱ።

ባሕሩም ሕግ አለው

ከ1997 ጀምሮ መኪናን በባሕር ዳር አሸዋ ላይ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። ፎቶው ላይ መኪናው አሸዋ ላይ ቆሞ ብታዩም እናንተ በተፈቀደው ማቆሚያ ቁሙ። በከተማ ማቆሚያ ላይ ሌሊት ማደርም በየቦታው አይፈቀድም፤ ምልክቱን አንብቡ።

ዋና የሚዋኘው የነፍስ አድን ጠባቂ ባለበት ቦታና ሰዓት ብቻ ነው። ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል ማለት ነው፤ ቀይ አደገኛ ነው፤ ጥቁር ክልክል ነው። ጠባቂው ሲሄድ ልጆችም ከውኃው ይውጡ። እግራቸውን ብቻ ለመንከር የሚገቡ አያቶችም ብቻቸውን አይግቡ።

ችግር ቢያጋጥማችሁ

መያዣው ሳይመለስ ቢቀር ወይም ያላጠፋችሁትን ብትጠየቁ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ፤ ቪዲዮውን፣ ውሉንና መልእክቱን አንድ ላይ አስቀምጡ። ለሸማቾች ጥበቃና ለፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ወደ አነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት፣ ቤት ሚሽፓጥ ልትቪዖት ክታኖት፣ ያለ ጠበቃ ትሄዳላችሁ። እዚያ የሚሰማው የጮኸ ሰው ሳይሆን ወረቀት የያዘ ሰው ነው።

ሂሳቡን ሠርታችሁ «አልቻልንም» ካላችሁም ጉዞው አልቀረም። በራሳችሁ መኪና ወይም በባቡር ሄዳችሁ፣ ሁለት ድንኳን ወይም አንድ ክፍል በዚያው ማደሪያ ተከራይታችሁ፣ ከዚያው ባሕር ፊት መቀመጥ ትችላላችሁ። መኪናው ቢቀር ጉዞው ይሆናል፤ ቀኑ ከሌለ ግን አይሆንም። ስለዚህ በዚህ ወር ትሉሻችሁን አውጥታችሁ የቀራችሁን የዕረፍት ቀን ቁጠሩ፤ የምትፈልጉትንም ሳምንት ለአሠሪያችሁ በጽሑፍ አስታውቁ።